በጋራዋ ጀርባ ላይ

ኩዌት፣ ጥቅምት 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ ለጋሼ ይሻው፣
ደብረ ታቦር

የክረምቱ ጭቃ ደርቆ፣ እርስዎም ከነቤተሰብዎ መስቀልን በጤና እንዳለፉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔን የፈጣሪ ቸርነት አልተለየኝም፤ ደህና ነኝ። ጋሼ፣ ፖስታውን ሲከፍቱ ውስጡ ሌላ ወፍራም ወረቀት ስላለ እንዳይደነግጡ። የሕክምና ወረቀት አይደለም፤ ክስም አይደለም። ታሪክ ነው። እኔ የጻፍሁት ታሪክ።

እንዴት እንደጀመርሁት ልንገርዎ። የማስታምማቸው አሮጊት የአሠሪዬ የማዳም አማት ናቸው፤ ኡም ሳሌም ይባላሉ። ዓርብ ዓርብ ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ዘመድ ጥየቃ ስለሚወጣ እኔና እሳቸው ብቻ እንቀራለን። እሳቸው ሸለብ ሲያደርጋቸው መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። የሚታየው ሁሉ ልሙጥ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት አንዲት ኮረብታ እንኳ የለም። አንድ ዓርብ «እዚህ መሬት ላይ ጉና ቢቆም ምን ይመስል ነበር?» ብዬ አሰብሁ። ቀጥዬ ደግሞ «ጉና እግር ቢኖረውስ?» አልሁ። በዚያው ደብተር አወጣሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከጉና በታች አንድ ጋራ አለ። አርባ አባወራ ሰፍሮበት ገብስ ይዘራበታል። አንድ ማለዳ ያ ጋራ ተነሣ። ለካ ጋራ አልነበረም፤ ከሰው ትዝታ በፊት የተኛች እንስሳ ናት። ቆማ ስትጨርስ ራሷ ከደመና በላይ ሆነ፤ ጣና ቁርጭምጭሚቷን ብቻ ነካት። አንድ ጊዜ ስትራመድ ከፋርጣ ተነሥታ ሐሙሲትን ታልፋለች። አርባው አባወራ ከነከብቱ፣ ከነጎተራው ጀርባዋ ላይ ቀረ። ስም ያወጣላት የለም፤ ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ «ጋራዋ» ይላታል።

እባክዎ በጽሕፈት መኪናዎ ይጻፉልኝ። ማዳም የኛን ፊደል ስታይ ፊቷ ይለወጣል፤ ስለዚህ ደብተሩን ደብቄ ነው የምይዘው። አንድ ቅጂ እርስዎ ጋ ቢቀመጥ ልቤ ያርፋል። መልሱን በእቴነሽ አድራሻ ያድርጉት፤ ጎረቤት ቤት የምትሠራ የሐሙሲት ልጅ ናት፤ አሠሪዎቿ ፖስታ አይከለክሏትም።

ለአባቴ የላክሁት ካፖርት ደርሷል ወይ? ልክ ሆነላቸው? ምን አሉ?

የምታከብርዎት ልጅዎ
እየሩስ


ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 22 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእየሩስ ፋንታው፣

የቤቱ ሰው ሁሉ ሰላምታ ይድረስሽ። እግዚአብሔር በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። ገብሱ አጨዳ ላይ ነው፤ ውርጩም ዘንድሮ ራርቶልናል።

ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ሳነበው አሞሻል ብዬ ፈራሁ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ተቀምጬ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። ድንበሬ ተገፋ፣ በሬዬ ተነዳ፣ ውርሴን ተከለከልሁ። የጽሕፈት መኪናዬ ሰው «እውነት ነው» ብሎ አሻራውን ያላኖረበትን ነገር ጽፋ አታውቅም። ጋራ ተነሥቶ ሄደ ብዬ ብጽፍ ማን ይፈርምበታል? ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት።

በማግሥቱ ባለጉዳይ ጠፋ። «እስቲ አንድ ገጽ ብቻ» ብዬ አወጣሁትና ጀመርሁ። እጄ ለምዶበት ከላይ «ጉዳዩ፦ ጋራ ስለ መነሣቱ» ብሎ ጽፎ አገኘሁትና ብቻዬን ሣቅሁ። የድንበር ክርክር ያለው ጌጡ የሚባል የፋርጣ ሰው አጠገቤ ቀጠሮውን ይጠብቅ ነበር።

«ጋሽ ይሻው፣ በሰው ክስ ትሥቃለህ እንዴ?» አለኝ።

«ክስ አይደለም» ብዬ ገጹን አነበብሁለት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እነዚያ አርባ አባወራዎች ግብር የሚከፍሉት ለየትኛው ወረዳ ነው? ጧት ፋርጣ፣ ከሰዓት ደራ ከዋሉ ሁለቱም ይጠይቋቸዋል እኮ!»

እኔ አላሰብሁትም ነበር። አንቺስ አስበሽበታል? ውኃስ ከየት ይቀዳሉ? ሲያርሱባት ማረሻው አያማትም? ስትራመድስ ቤታቸው አይፈርስም? ይህን ሳትመልሺ ወደ ፊት እንዳትሄጂ። ፈጠራ ቢሆንም ሥርዓት ይኑረው።

ካርቦን አስገብቼ በሦስት ቅጂ ጽፌዋለሁ። ካፖርቱ ደርሷል።

አጎትሽ ይሻው


ኩዌት፣ ጥር 15 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ይሻው፣

የጥምቀት በዓል እንዴት አለፈ? እኔ በሐሳቤ ከታቦቱ ኋላ ስሄድ ዋልሁ። ጤናዬ ደህና ነው።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብሁት። «ሥርዓት ይኑረው» ያሉኝን ይዤ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስተካከልሁት። ውኃ የሚቀዱት ከሁለቱ ትከሻዎቿ መካከል ዝናብ ከሚጠራቀምበት ኩሬ ነው። ማረሻው አያማትም፤ እንደ ማከክ ነው የሚሆንላት፤ እንዲያውም ሲያርሱ ረጋ ብላ ትራመዳለች። ቤቶቹ በመጀመሪያው ሳምንት በሙሉ ፈረሱ። ከዚያ ወዲያ ሰዉ በቀርከሃና በገመድ መሥራት ጀመረ፤ ቤቱ እንደ ቅርጫት ይወዛወዛል እንጂ አይወድቅም። ለአቶ ጌጡ ይንገሩልኝ፦ ሁለቱም ወረዳዎች ግብር ሰብሳቢ ልከዋል። ግን እግሯን ብቻ መውጣት አምስት ቀን ስለሚፈጅ እስካሁን ጉልበቷን ያለፈ ሰብሳቢ የለም።

አዲሱ ምዕራፍ ከዚህ ጋር አለ። ጋራዋ ትታ የተነሣችው ጉድጓድ ባዶውን አልቀረም። አፈሩ ድንግል ነውና ሰዎች ገብተው አረሱት፤ ቤት ሠሩበት፤ ልጆች ተወለዱበት። ስለዚህ ወደ ነበረችበት መመለስ አትችልም። ጀርባዋ ላይ ማሬ የምትባል ሴት አለች። ማሬ እንስሳዋን የሚያናግራት ሰው መኖር አለበት ብላ ወደ ጆሮዋ ትጓዛለች። መንገዱ ስምንት ቀን ነው። ደርሳ ምን እንደምትላት ግን እኔም ገና አላውቅም።

ለኡም ሳሌምም በተሰባበረ ዓረብኛዬ እነግራቸዋለሁ። ሰውነታቸው ከወገብ በታች አይንቀሳቀስም፤ ጆሯቸው ግን የወጣት ነው። «ቀጥዪ» ይሉኛል፤ ሌላ ብዙ አይናገሩም።

ስለ ካፖርቱ የጻፉልኝ አንድ ቃል ነው። ጠበበ ወይም ሰፋ የሚል ቢጨምሩልኝ ደስ ይለኛል። አባቴ በጤና ናቸው?

ልጅዎ እየሩስ


ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለእየሩስ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ የጾሙን ወራት በብርታት ያስፈጽምሽ። ልጄ፣ ነገሩ ከእጄ ወጥቷል!

ቅዳሜ ችሎት ስለሌለ ድሮ ቤቴ እውል ነበር። አሁን ጌጡ ወሬውን በየመንደሩ ነዝቶት ገበያተኛው እህሉን ሸጦ ሲጨርስ ወደ እኔ ወንበር ይመጣል። ባለፈው ቅዳሜ ብቆጥር ሃያ ሰባት ሰው ነው። አንዲት ጌሾ ነጋዴ ማሬ ስምንት ቀን ስትጓዝ ስንቋን ምን አደረገች ብላ ተቆጣችኝ፤ «በሶ ይዛለች ብለህ ጻፍ» አለችኝ። አንድ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ደግሞ እንስሳዋ ስትተነፍስ የሐሙሲት ጣሪያ ቆርቆሮ እንዴት እንደማይነሣ ሊያስረዳኝ ተነሥቶ ሊያስረዳኝ አልቻለም። ሰዉ ተጣልቶ ታርቆ ይሄዳል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ከእኔ ወንበር እየሣቀ ሲነሣ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከጉና በኩል የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አሉ። አይቀመጡም። ግንቡን ተደግፈው ይሰሙና ሳይሰናበቱ ይሄዳሉ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

«ይህቺ ፍጥረት የነበረችበት ቦታ ከታረሰ፣ ሲደክማት የት ትተኛለች?» አሉ።

ሰዉ ሣቀ።

«ምን ያስቃችኋል? ብትተኛ አገር ይደፈጠጣል። ካልተኛች ደግሞ ዕድሜ ልኳን ቆማ ልትኖር ነው። ጸሐፊው አስቦበታል ወይ?»

«እጠይቃለሁ» አልኋቸው። እነሆ ጠየቅሁሽ።

አባትሽ ወንድም ጋሼ በጤና አሉ።

አጎትሽ ይሻው


ኩዌት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ ይሻው፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ።

የሽማግሌውን ጥያቄ ያነበብሁት ወጥ ቤት ቆሜ ነው። ጸሐፊው አላሰበበትም ይበሏቸው። መተኛ የላትም። አሁን ሳስበው ደግሞ ሊኖራትም አይችልም። ስለዚህ መጨረሻውን ወስኛለሁ፦ ማሬ ሰዉን ሁሉ በገመድ ታወርዳለች፤ ጋራዋ ጣና መሀል ገብታ ትወድቃለች፤ ትሞታለች። ሁለት ምዕራፍ ቀርቶኛል።

ጋሼ፣ እኚያ ሽማግሌ ማን ናቸው? የመንደራቸውን ስም ይጻፉልኝ። ስለ አባቴም ስጠይቅዎ «በጤና አሉ» ብለው ያልፉኛል። ካፖርቱ «ደርሷል» ሲሉኝ የደረሰው እርስዎ ጋ ነው ወይስ እሳቸው ጋ?

እየሩስ


ደብረ ታቦር፣ ሰኔ 4 ቀን 1997 ዓ.ም.

ልጄ እየሩስ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው። ዛሬ ግን የራሴን ቃል ነው የምሰጠው፤ አጣምሜ መጻፍ አልፈልግም።

ካፖርቱ እንደ ደረሰኝ በሳምንቱ ተሸክሜው ጉና ሥር ድረስ ወጣሁ። ወንድም ጋሼ ዳስሰው አዩት። «ከማን ነው?» አሉኝ። «ከእየሩስ» ስል እጃቸውን አነሡ። «ስሟን ከቤቴ አታግባ ብዬህ አልነበረም?» ብለው ካፖርቱን መለሱልኝ። አንቺ ዓረብ አገር ከሚልከው ደላላ ጋር የሄድሽ ሰሞን ሽማግሌ ተቀብለው ለሠርግሽ ቃል ሰጥተው እንደነበር ታውቂያለሽ። ያቺ ነገር እንደ እሾህ ገብታባቸው ሦስት ዓመት ሙሉ አልወጣችም። እናትሽ ካረፈች ጀምሮ ብቻቸውን እንዳሳደጉሽ ነው የሚያስቡት፤ ሳትሰናበቺ መሄድሽን ነው የሚቆጥሩት። ካፖርቱ እኔ ቤት ተሰቅሎ አለ። «ደርሷል» ብዬ የጻፍሁልሽ ልብሽን ላለመስበር ነበር፤ ይቅር በይኝ።

አሁን ሌላውን ልንገርሽ። ግንቡን የሚደገፉት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። አባትሽ ናቸው። ገበያ ሲመጡ ወንድማቸው ምን እንደሚያነብ ሰምተው መጡ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቅዳሜ አልቀሩም። የጻፈው ማን እንደሆነ አያውቁም። «ሩቅ ያለ ሰው ነው» ብያቸዋለሁ።

ስለዚህ እንስሳዋን አትግደያት። ቢያንስ እሳቸው ለጠየቁሽ መልስ ሳትሰጪ አትግደያት።

አጎትሽ ይሻው


ደብረ ታቦር፣ መስከረም 28 ቀን 1998 ዓ.ም.

ልጄ እየሩስ፣ ባለሽበት ሁሉ አምላክ ይጠብቅሽ፣

ከሰኔ ወዲህ ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። አንድም መልስ አልመጣም። በእኔ ንግግር ተቀይመሽ ከሆነ አንድ መሥመር ጽፈሽ ተቀየሚኝ። ባለፈው ሐሙስ መኪና ተሳፍሬ ሐሙሲት ወረድሁ፤ ከገበያው መሀል የእቴነሽን እናት ፈልጌ አገኘኋቸው። «ልጄ ከጎረቤት ቤት ችግር አለ ብላ ደውላለች፤ ሌላ አልነገረችኝም» አሉኝ። ያንን ይዤ መመለሱ ከመሄዱ ባሰብኝ።

ነሐሴ ላይ የሆነውን ደግሞ ላውራሽ። የምትልኪው ሲቋረጥ ያለውን ደጋግሜ ሳነብ ቆየሁ። አንድ ቅዳሜ ሰዉ ሲበተን ወንድም ጋሼ ብቻቸውን ቀሩ።

«ታሪኩ ለምን ቆመ?» አሉኝ።

«ጸሐፊዋ ጠፋችብኝ።»

«ጸሐፊዋ? ሴት ናት?»

«ሴት ናት።»

«የማን ልጅ?»

ከዚህ በላይ መያዝ አልቻልሁም። «የርስዎ» አልኋቸው።

በትራቸውን አንሥተው ሄዱ። አምስት ቅዳሜ ሙሉ አልመጡም። እኔም ወደ ጉና ልወጣ ፈራሁ። በስድስተኛው ሳምንት ሰኞ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ እቤቴ መጥተው ባለቤቴን «ያ ልብስ የት አለ?» ብለዋታል። አውጥታ ሰጠቻቸው፤ ለብሰውት ወጡ።

ይህን ብታነቢ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ጻፊልኝ።

አጎትሽ ይሻው


ኩዌት፣ ኅዳር 18 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎት አጎቴ ለጋሼ ይሻው፣

በሕይወት አለሁ። ከሁሉ በፊት ይህን ልጻፍ። ሦስቱም ደብዳቤዎችዎ የደረሱኝ ባለፈው ሳምንት በአንድ ቀን ነው፤ እቴነሽ ይዛልኝ ነበር። አልተቀየምሁዎትም።

ሐምሌ ውስጥ ማዳም ፍራሼን ስታገላብጥ ሦስቱን ደብተሮች አገኘች። ፊደሉን አየች። ከዚያ የሣልሁትን ሥዕል አየች፤ ጋራዋ ቆማ፣ ጀርባዋ ላይ ጎጆዎቹ ተደርድረው። «ድግምት ነው» ብላ ጮኸች፤ «አማቴን አልጋ ላይ ያስቀረሻት አንቺ ነሽ» አለችኝ። ባልየው ፖሊስ ጠራ። በዚህ ነገር ተከሳ እስር ቤት የቀረች ሴት አውቃለሁ። ደብተሮቹን ግቢ ውስጥ ሲያቃጥሏቸው ከፖሊሱ መኪና መስኮት አየሁ።

አሥራ አንድ ቀን ጣቢያ ቆየሁ። መኮንኑ ክፉ ሰው አልነበረም። «ተረት ነው» አልሁት። «ተረት ከሆነ ለምን ደበቅሽው?» አለኝ።

ያዳኑኝ ኡም ሳሌም ናቸው። እኔ ከተወሰድሁ ጊዜ ጀምሮ አልበላም አሉ። በመጨረሻ ልጃቸውን «ወደ ጣቢያው ውሰደኝ» ብለው በጋሪ ወንበር መጡ። በዚያ ቀጭን ድምፃቸው መኮንኑን እንዲህ አሉት፦ «ይህቺ ልጅ ታሪኩን ካለፈው ረመዳን ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ስትነግረኝ ኖራለች። ሴትየዋ ከእንስሳዋ ጆሮ አጠገብ ደርሳለች። ምን እንደምትላት ሳልሰማ ልሙት ወይ?» መኮንኑ ወደ እኔ ዞሮ፣ ጋሼ በእመቤታችን ይመኑኝ፣ «ምን አለቻት?» አለኝ።

«አላውቅም» ብዬ አለቀስሁ። ተፈታሁ።

ማዳም ዳግመኛ ልታየኝ አልፈለገችም። ኡም ሳሌም ግን ወደ ሴት ልጃቸው ቤት ሲዛወሩ ይዘውኝ ሄዱ። እዚህ ይሻላል፤ ከእቴነሽ ግን ሩቅ ስለሆነ እስካሁን ልጽፍልዎ አልቻልሁም።

ማሬ አንድ ቃል ሳትነግራት ጋራዋ የሞተችባቸው ሁለት ምዕራፎች ደብተሩ ውስጥ ብቻ ነበሩ፤ ተቃጥለዋል። ደግሜ ልጽፋቸው ብቀመጥ እጄ እምቢ ይለኛል። ሌላም አይመጣልኝም። እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ይቁም። ለሰዎቹ ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

አባቴ ካፖርቱን ለብሰው የወጡ ዕለት ብርድ ነበር ወይ? እንዲያው ማወቅ ፈልጌ ነው።

ልጅዎ እየሩስ


ደብረ ታቦር፣ ጥር 16 ቀን 1998 ዓ.ም.

ልጄ እየሩስ፣

ለዚህ ቀን ያደረሰሽ ይመስገን። ደብዳቤሽን ይዤ በጠዋት ተነሥቼ ጉና ሥር ወጣሁ። ለወንድም ጋሼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው። ጣቢያ የቆየሽበት ጋ ስደርስ «ቆይ» ብለውኝ ወጥተው በረቱን ዞረው ተመለሱ። «አሁን ቀጥል» አሉኝ። ስጨርስ «የተቃጠለው የሞተችበት ብቻ ነው?» አሉ። «እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው በሦስት ቅጂ እኔ ዘንድ አለ» አልኋቸው። «እንኳን ተቃጠለ» አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ በሰው ሁሉ ፊት ካፖርቱን እንደ ለበሱ መጥተው ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ጻፍ» አሉኝ። የሚከተለው የእሳቸው ቃል ነው። እኔ ሥርዓተ ነጥብ ብቻ ጨመርሁ።

«እኔ ፋንታው ይህን ቃሌን ለወንድሜ ለይሻው የምነግረው ለልጄ ለእየሩስ እንዲደርስ ነው።

አንደኛ ነገር፣ ክሴን አንሥቻለሁ። በአንቺ ላይ ሦስት ዓመት በልቤ የያዝሁትን ክስ ማለቴ ነው። ይሻውን ይህን አትጻፍ ብዬው ነበር፤ ሲጽፈው እያየሁ ነው። ይጻፈው።

ሁለተኛ፣ መተኛዋን ቦታ እኔ አግኝቻለሁ። ከጉና ጀርባ ከደጋ ተክል አስታና ጅባራ ብቻ የሚበቅልበት፣ ገብስም የማይዘልቅበት ሰፊ ወና መሬት አለ። ታውቂዋለሽ። ሰው አያርሰውም፤ ማንም የሚፈናቀል የለም። የሦስት ወረዳ ሕዝብ ይጠራና ድንጋዩን ይልቀም። በገመድ ይለካ፤ ራሷ በምሥራቅ፣ እግሯ በምዕራብ። ከየቤቱ የአንድ ዓመት ጭድ ይምጣና ይነጠፍላት። (እዚህ ላይ ጌጡ ጭዱ ካለቀ ከብቱ ምን ይበላል አለ። «ጀርባዋ ላይ ያሉት ገብስ ያመርታሉ፤ የእነሱ ጭድ ይሰጥሃል» ብለው አሳረፉት። ይሻው ነኝ።) ሦስት ዓመት ይፍጅ። እንስሳዋን የሚፈራት ሰው ሁሉ ይሥራ፤ የፈራ ሰው ደህና ይሠራል። ሥራው ሲያልቅ ያቺ ማሬ በጆሮዋ ትንገራት፤ ቦታሽ ተዘጋጅቷል፣ ቀስ ብለሽ ተኚ ትበላት። ቀስ ብለሽ የሚለውን እንዳትረሺ፤ ጀርባዋ ላይ ሰው አለ።

ሦስተኛ። አንቺስ የት ነው የምትተኚው? ምን ላይ? ስንት ሰዓት ቆመሽ ትውያለሽ? እግርሽስ ደህና ነው? ይህን ይሻው አይደለም የሚጠይቅሽ፤ እኔ ነኝ። ነይ ብዬ አላዝሽም። ዱሮ አዝዤሽ ምን እንደሆነ አይቻለሁ። እንደ ራስሽ አሳብ ይሁን። እግዚአብሔር የሄድሽበትንም የምትመለሽበትንም መንገድ ያቅናልሽ።»

ከዚህ በታች ያለው ሰማያዊ ምልክት የአውራ ጣታቸው አሻራ ነው። ጎኑ ላይ የተፈረመው የጌጡና የጌሾ ነጋዴዋ የፈንታነሽ ነው፤ ምስክር ካልፈረመበት አይጸናም ብለው ራሳቸው ጠየቁኝ።

ብርዱን ጠይቀሽ ነበር። አዎ፣ ያን ሰኞ ውርጭ ነበር።

አጎትሽ ይሻው


ኩዌት፣ መጋቢት 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ፋንታው፣ ይህንንም ለሚያነብልዎት ለአጎቴ ለጋሼ ይሻው፣

አባቴ፣ ቃልዎ ደርሶኛል። ጉልበትዎን ስሜ ሰላም ብዬዎታለሁ። ሳልሰናበትዎ ስለ ሄድሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ብሰናበትዎ ኖሮ መሄድ እንደማልችል አውቄ ነው።

የጠየቁኝን ልመልስ። ድሮ የምተኛው ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። አሁን ከኡም ሳሌም ክፍል ጥግ ላይ ጥሩ ፍራሽ አለኝ። ከጧቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ እቆማለሁ፤ ከምሳ በኋላ ለአንድ ሰዓት እቀመጣለሁ። እግሬ ያብጣል አባቴ። ሁለት ዓመት ሆነው። ማንም ስላልጠየቀኝ ለማንም አልተናገርሁም ነበር። ደብዳቤዎን ባነበብሁ ማግሥት ለአዲሲቷ አሠሪዬ ነገርኋት፤ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የደም ሥር ነው ብለው መድኃኒት ሰጥተውኛል፤ ሥራም ቀንሳልኛለች። ይድናል ብለዋል።

ምዕራፉን ጽፌዋለሁ። ከዚህ ጋር አለ፤ አሥራ ስምንት ገጽ ነው። እጄ እምቢ ያለው ለሞቷ ብቻ ኖሯል፤ ጭዱን ሲያነጥፉ ስጽፍ አንድ ዓርብ ሙሉ ሳልነሣ ዋልሁ። ቦታው እርስዎ ያሉት ቦታ ነው። ልኬቱም የእርስዎ ነው። በአንድ ነገር ብቻ አልተስማማሁም፤ ሦስት ዓመት በዛ። በአንድ በጋ እንዲጨርሱት አድርጌአለሁ። ለኡም ሳሌም ስነግራቸው ማሬ ያለቻትን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «አባትሽ ብልህ ሰው ነው» አሉኝ።

ጋሼ ይሻው፣ በሦስት ቅጂ ይጻፉልኝ። አንዱን ባሕር ዳር ለሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት እናሳያለን። ከሰዉም የሚነሣውን ጥያቄ ሁሉ ይመዝግቡልኝ፤ መጥቼ አርማለሁ።

የሥራ ውሌ ሰኔ ላይ ያበቃል። ሌላ አልፈርምም። ሐምሌ ሳይገባ ደብረ ታቦር እደርሳለሁ። መናኸሪያ ማንም እንዳይመጣ፤ ጓዜ ትንሽ ነው፣ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። አባቴ መምጣት ከፈለጉ ግን አይከልክሏቸው።

ልጃችሁ
እየሩስ ፋንታው